«በሞቴ» እና ሜኑ

በላሊበላ አንዲት የሰፈር ቡና ወደ ምግብ ቤትነት ስትለወጥ ደንበኛው ምን ያገኛል? ምንስ ይቀርበታል?

ቅዳሜ ነው፤ የላሊበላ የገበያ ቀን። ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም። ከአሸተን ማርያም ተራራ የሚወርደው ብርድ አልተሰበረም፤ ጋቢ የደረበ ሰው እጁን ከውስጥ ለማውጣት ይሰስታል። በቁልቁለቱ መንገድ ገበያተኛው ይግተለተላል፦ ገብስ የጫነች አህያ፣ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ሁለት እጁን የሰቀለበት ገበሬ፣ ማር በባልዲ የያዘች ሴት፣ ገመዷን እየጎተተች አልሄድም የምትል ፍየል።

ከመንገዱ ዳር ካለች አንዲት ጠባብ በር ላይ ግን ሰዉ አንድ በአንድ ይቆማል። የሚያስቆመው ሽታው ነው። ባለቤቷ ዱካ ላይ ተቀምጣ በብረት ምጣድ ቡና ትቆላለች። ፍሬው ዳማ መልክ ይዞ መንጣጣት ጀምሯል። ምጣዱን ከከሰሉ ታነሳና ዞር ዞር እያለች እንግዶቿን ታስሸትታለች። መምሬ ጭሱን በመዳፋቸው ወደ ፊታቸው ይስባሉ፤ ይመርቃሉ። ያዘዘ የለም። «ምን ልታዘዝ?» ያለም የለም። ሲኒው ሲታደል ግን ለእያንዳንዱ እንደ ልማዱ ገብቶለታል፦ ለመምሬ ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ ለባጃጅ ሾፌሩ ባዶውን፣ ከቢልባላ በኩል ለመጣው ገበሬ ቁንጥር ጨው። አንዷ ሴት ሲኒ ውስጥ የጤና አዳም ቅጠል ተነክሯል።

አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ሲገቡ ሌላ ዓለም ነው። አራት ጠረጴዛ፣ የአበባ ምስል ያለበት ፕላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ፣ ግድግዳው ላይ በአማርኛና በፈረንጅ ቋንቋ የተጻፈ ሜኑ። ሁለት ፈረንጆች ከአስጎብኚያቸው ጋር ተቀምጠው ፓስታ በአትክልት ይጠብቃሉ፤ ግማሽ ሰዓት አልፏቸዋል። በር ላይ ካሉት ሰዎች ሦስት ሜትር አይርቁም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ግን በሜትር የሚለካ አይደለም፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሱ ነው።

ከወዲሁ አንድ ነገር ልናገር። ይህች ቤት አንዲት ቤት አይደለችም። በላሊበላና በላስታ መንገዶች ዳር ካሉ ብዙ ቤቶች ተውጣጥታ የተሳለች ናት፤ ስለዚህም ስም የላትም። የላሊበላ ሰው ቢያነባት ግን «ይቺማ እንትና ጋ ናት» ማለቱ አይቀርም። አምስት ሰው ቢያነባት አምስት ቤት ይጠራል።

ቡና የሌለበት ቡና ቤት

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ ላይ አስቂኝ ነገር ሠርቷል። «ቡና ቤት» ስንል ቢራ የሚጠጣበት፣ ሙዚቃ የሚጮህበት፣ ምናልባትም አልጋ የሚከራይበት ቤት ማለታችን ነው። ቡና ቤት ገብቶ ቡና ያጣ ሰው ብዙ ነው። በሲኒ የሚቀዳውን እውነተኛውን ቡና የሚሸጡ ሴቶች ደግሞ በየከተማው በር ላይ የሚጽፉት «ጀበና ቡና» ብለው ነው። ሰዉም «ቡና ቤት እንሂድ» አይልም። «እትዬ ጋ እንሂድ» ይላል። ቤቱ የሚጠራው በሴትዮዋ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቡና በእኛ ዘንድ ለረጅም ጊዜ የሚሸጥ ነገር አልነበረም። ቡና ይጠራሩበታል። ዛሬ እኔ ቤት፣ ነገ አንቺ ቤት፣ ከነገ ወዲያ እሷ ቤት። «ቡና አጣጭ» የሚለው ቃል ከጎረቤትም ከጓደኛም የተለየ ዝምድናን ይናገራል። ላሊበላ ባለችበት በወሎ ደግሞ ይህ ዝምድና የሃይማኖትን አጥር የሚሻገር ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሦስቴ የሚቀዳው ቡና ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን በአንድ ረከቦት ዙሪያ ሲያስቀምጥ ኖሯል።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ በክርስቲያኑ ዘንድ የተነወረበት ዘመን ረጅም ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ስታወግዘው ቆይታለች። ነቀፌታው የላላው በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ፣ በአጤ ምኒልክና በአቡነ ማቴዎስ ዘመን መሆኑን የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት ጽፈዋል። እንግዲህ ዛሬ የላሊበላ ካህን ከቅዳሴ ወጥቶ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠጣት ሲኒ ለቅድመ አያቱ ነውር ነበረች። ቡናው ራሱም ለደጋው እንግዳ ነው። በ2500 ሜትር ከፍታ ላይ በተቀመጠችው በላሊበላ፣ ከ4200 ሜትር በላይ በሚወጣው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ፣ ብርዱ ቡና አያበቅልም። ከደቡብና ከምዕራብ ተጭኖ፣ በወልድያ አልፎ፣ ዳገቱን ወደ ጋሸና ወጥቶ ነው የሚመጣው። በላስታ ቡና እንደ ጨው ሁሉ ሁልጊዜም የመንገድ ልጅ ነው።

ምሳ የመግዛት ዕፍረት

ቡና የሚሸጥ ነገር ካልነበረ ምግብ መሸጥማ የባሰ ነውር ነበር። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ሆቴል በ1900 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲከፈት የሆነውን ብዙዎቻችን ሲወራ ሰምተናል። ሰዉ ገብቶ ለመብላት አፈረ። በገንዘብ ምግብ ገዝቶ መብላት ቤት እንደሌለው፣ ዘመድ እንዳጣ ሰው ያስቆጥራል። ኋላ አጤ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው ካሳዩ በኋላ ነው ሌላው የደፈረ ይባላል።

የጣይቱ ሆቴል ከተከፈተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዕፍረቱ ከላስታ ግን ጨርሶ አልወጣም። ለገና ወደ ላሊበላ የሚተመው ምእመን ስንቁን ይዞ ነው የሚመጣው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። ቀናት በእግሩ ተጉዞ የደረሰውን ሰው የከተማው ልጆች ውኃ አሙቀው እግሩን ያጥቡታል። ነዋሪው ያለውን ያበላዋል፤ ለዚህ ሒሳብ የሚጠየቅ የለም። የዓለም ቅርስ ሆና እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የተመዘገበች፣ ቱሪስት ያኖራት ከተማ፣ በዓመቱ ትልቅ ቀን ላይ እንግዳን በነጻ ታስተናግዳለች። በላሊበላ ምግብ ቤት መክፈት ቀላል ያልሆነው ለዚህ ነው። ተፎካካሪህ ጎን ያለው ምግብ ቤት ብቻ አይደለም፤ የጎረቤት ደግነትም ይፎካከርሃል።

በአበሻ ቤት ምግብ ሲቀርብ አብሮ የሚቀርበው ቃል «በሞቴ» ነው። «በሞቴ ይቺን ብቻ!» «አፈር ስሆን፣ ምንም አልበሉም እኮ!» እንግዳው እምቢ ይላል፣ ባለቤቷ ትምላለች፣ ጉርሻው ይመጣል። ይህ ሁሉ ልመና ሜኑ ሲመጣ ይቀራል። የከፈለን ሰው ማን «በሞቴ ብላ» ይለዋል? ሳህኑን ግማሽ ትቶ ቢነሳ «ሒሳብ ልምጣ?» ነው የሚባለው። ምግብ ቤት ከልመና ያሳርፋል፤ ይህ ለብዙ ሰው እውነተኛ እፎይታ ነው። ሆዱ ባልፈቀደ ሰዓት የሚጎርስበት ግዴታ የለበትም፤ ውለታም አይሸከምም። ግን የሚለምነው ሰውም የለውም።

ከሲኒ ወደ ሳህን

ጀበና ቡና ለመጀመር የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፦ ጀበና፣ ረከቦት፣ ደርዘን ሲኒ፣ የከሰል ምድጃ፣ ሙቀጫና ዘነዘና፣ ጥቂት ዱካ። ማቀዝቀዣ አይፈልግም። መብራት ቢጠፋ አይሞትም። ብዙ ሴቶች የሚጀምሩትም ለዚህ ነው፤ ከባሏ የተለየች፣ ከገጠር የገባች፣ ልጅ የምታስተምር ሴት ካፒታሏ እጇ ነው።

ወደ ምግብ የሚወስደው መንገድ የሚጀምረው በቡና ቁርስ ነው። መጀመሪያ ቆሎና ፈንዲሻ። ቀጥሎ ቁራሽ ድፎ ዳቦ። አንድ ቀን የባጃጅ ሾፌሮቹ «እትዬ፣ ቁርስ ብትሠሪልን» ይሏታል፤ ከማታው እንጀራ ፍርፍር ይሠራል። ፍርፍሩ ሽሮን ይጠራል፣ ሽሮው ተጋቢኖን። አንድ ቀን አንዱ አስጎብኚ፣ ራሱ የቤቱ ደንበኛ የሆነ ልጅ፣ ሁለት ቱሪስት ይዞ ይመጣል። በሚቀጥለው ሳምንት ግድግዳው ላይ ሜኑ ይሰቀላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሌላ ሙያ ነው። ለምሳሌ ከፍታው። በ2500 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ለቡና ይህ ችግር አይደለም፤ እንዲያውም የቡና ባለሙያዎች ለማፍያ ጥሩ ነው የሚሉት ሙቀት እዚያው አካባቢ ነው። ለባቄላ፣ ለሽምብራ፣ ለምስርና ለፓስታ ግን መከራ ነው። ውኃው እየተንተከተከ ምግቡ አይበስልም። ፈረንጆቹ ግማሽ ሰዓት የጠበቁት አስተናጋጇ ስለረሳቻቸው አይደለም፤ ተራራው ራሱ ነው ያስጠበቃቸው። ፕሬሸር ኩከር የገዛች ሴት ይህን ችግር ታሸንፋለች። ያልገዛችው ደግሞ ከሰል ትጨምራለች፤ የከሰሉ ዋጋ ደግሞ ከምሳው ትርፍ ላይ ይቆረጣል።

ሁለተኛው ጾም ነው። በላስታ የሜኑው እውነተኛ ጸሐፊ ባሕረ ሐሳብ ነው ቢባል አያሳፍርም። ረቡዕና ዓርብ፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ የፍልሰታ፣ ከኅዳር 15 የሚጀምረው ጾመ ነቢያት፤ አጥባቂ ምእመን ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን፣ ካህናት ከዚያም በላይ ይጾማሉ። ሥጋ ያለበት ማቀዝቀዣ የሚጠብቀው እንግዳ በፍስክ ቀን የሚመጣ ነው። ቱሪስቱ በዓቢይ ጾም መካከል ጥብስ ቢያዝ ምን ይደረጋል? አንዳንዱ ቤት ለጾምና ለፍስክ ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት መክተፊያ ያስቀምጣል። አንዳንዱ በጾም ሥጋ ጨርሶ አያስገባም፤ «የሰፈሩ ሰው ቢሸተው ምን ይለኛል?» ነው ነገሩ። በዚህ ቦታ ደንበኛው በአፍንጫውም ይቆጣጠራል።

ሦስተኛው እንጀራ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ይበላል፤ መብራት የሄደበት ቀን የቡና ሴት ከሰሏን ታራግባለች፣ የምግብ ቤት ሴት ግን ከጎረቤት እንጀራ ትበደራለች። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዘይቱም፣ ፓስታውም፣ የቲማቲም ድልሁም በየጊዜው ሜኑ ያስቀይራል። በሜኑው ላይ ዋጋው በእስክሪብቶ ተሰርዞ፣ እንደገና ተጽፎ፣ በላዩ ነጭ ወረቀት ተለጥፎበት ያየ ሰው የሀገሪቱን ኢኮኖሚ አንድ ገጽ ላይ አንብቧል።

ፕሮኮፕም ቡና ነበር

ይህ የላሊበላ ብቻ ታሪክ አይደለም። በፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1686 አንድ ፕሮኮፒዮ የሚባል ሲሲሊያዊ የከፈተው «ፕሮኮፕ» የቡና መጠጫ ነበር። ቮልቴርና ዲደሮ ዓለምን የሚለውጥ ክርክር የተከራከሩባት ቤት ናት። ዛሬም አለች፤ ግን ምግብ ቤት ናት፣ ሰው የሚሄደው ለምሳና ለእራት ነው። በለንደን ደግሞ የኤድዋርድ ሎይድ ቡና ቤት የመርከብ ነጋዴዎች ወሬ የሚለዋወጡባት ስለነበረች ኋላ የዓለም ትልቁ የመድን ገበያ ወጣባት። ቡና ሰውን ያስቀምጣል፤ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይፈልጋል። ፓሪስ ምሳ ፈለገ፣ ለንደን ኢንሹራንስ።

በላሊበላ የምግብ ቤት ሌላው መንገድ ከላይ የሚጀምር ነው፤ ከሲኒ ሳይሆን ከሕንፃ። እንደ ሰባት ወይራ ያሉት ቀደምት ሆቴሎች በአትክልታቸው ውስጥ ቱሪስት ሲመግቡ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው ቤን አበባ ደግሞ ሌላ ነገር አመጣ። ከስኮትላንድ የመጡት ጡረተኛ የቤት አያያዝ መምህርት ሱዛን ኤይቺሰንና ኢትዮጵያዊው ሀብታሙ ባዬ ያቆሙት ቤት ነው፤ «ቤን» በስኮትላንዶች ተራራ፣ «አበባ» በእኛው አበባ። ገደሉ አፋፍ ላይ ጠመዝማዛ ሆኖ የቆመውን ሕንፃ አንዱ መንኮራኩር፣ ሌላው ያልተጠናቀቀ ደረጃ ይለዋል። እዚያ የሚበላው የስኮትላንዱ ሼፐርድስ ፓይና የእኛው በያይነቱ ጎን ለጎን ነበር። ወደ እንዲህ ያለው ቤት ሰው የሚሄደው ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ነው። ወደ እትዬ ቤት የሚሄደው ደግሞ ትናንት ማን እንደሞተ ለመስማት ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የተቸገረችው በሁለቱ መካከል ያለችው፣ ሜኑ የሰቀለችው ቤት ናት። ከፍ ካለው ቤት ጋር በዕይታ አትወዳደርም፤ በር ላይ ያሉትንም በሜኑ ታስፈራራለች።

ሦስት ዓይነት ሰው፣ አንድ በር

ወደዚች ቤት የሚመጣው ሰው ሦስት ዓይነት ነው።

መንገደኛው ቱሪስት አንድ ቀን ይመጣል፣ ምናልባትም ሁለት። የሚፈልገው ንጽሕናና ግልጽ ዋጋ ነው። ቡናውን በፎቶ ያነሳዋል። ከሁሉ የሚወደው በር ላይ ያለውን ነው፤ የሚቀመጠው ግን ውስጥ ነው። በሩ ላይ ዱካ ላይ ቁጭ በል ያለው ሰው ካገኘ ግን ያን ቀን አይረሳውም።

ሁለተኛው ምእመኑ ነው። በገና ዋዜማ ሌሊቱን በቅጥሩ አድሮ፣ በቤተ ማርያም ግድግዳ ላይ የሚዘመረውን ቤዛ ኩሉ ሰምቶ፣ ጠዋት ጾሙን ፈትቶ ይመጣል። እሱ ምሳ አይፈልግም። ስንቁ አለው። ሙቀት ነው የሚፈልገው። ሲኒውን በሁለት እጁ ይዞ አይጠጣም፣ ይሞቀዋል። ለዚህ ሰው አንድ ዱካና አንድ ሲኒ ይበቃዋል፤ ምግብ ቤቱ «የሚበላ ነገር ካላዘዙ ጠረጴዛ አንሰጥም» ያለ ዕለት እሱን አጣ።

ሦስተኛው የሰፈሩ ሰው ነው፤ አስተማሪው፣ ባጃጅ ሾፌሩ፣ ዲያቆኑ፣ የእጅ ጥበብ የሚሸጠው ልጅ። የእሱ ጉዳይ ረቂቅ ነው። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ፣ በድንጋይ በተሠሩት ክብ ባለ ሁለት ፎቅ ቤቶች ይኖሩ ከነበሩት ቤተሰቦች ብዙዎቹ ቅርሱን ለመጠበቅ ሲባል ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ከቤቱ የተነሳው ቤተሰቡ ብቻ አይደለም፤ ቡና አጣጩም ተበትኗል። ሦስት ጎረቤት በተራ ይጠራራበት የነበረው ቡና በአዲሱ ሰፈር ወዲያው አይተከልም። የእትዬ በር የሞላው ያን ክፍተት ነው። በገንዘብ የሚገዛ ይመስላል እንጂ የድሮ ጎረቤት ሌላ አድራሻ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው አንድ ጠዋት መጥቶ በተለመደችው ዱካው ፈንታ የተነጠፈ ጠረጴዛ፣ በእትዬ ፈንታም የማታውቀው አስተናጋጅ «ምን ልታዘዝ?» ስትለው ሲሰማ የሚደርስበትን አስቡት። ማን እንደሆነ ያልታወቀው በገዛ ሰፈሩ ነው።

እኔም ደርሶብኛል። በአንድ ሌላ ከተማ፣ ተማሪ ሳለሁ በር ላይ እጠጣባት የነበረች ቡና ፎቅ ሆና አገኘኋት። አቦሉ ከሒሳብ ወረቀቱ ጋር አንድ ትሪ ላይ መጣ። ቶናው እስኪደርስ ለመቀመጥ ብፈልግ ሌላ ማዘዝ ነበረብኝ። ቡናው አልከፋም። ሳልጨርሰው ወጣሁ።

ደንበኛ ማን ነው?

«ደንበኛ» የሚለውን ቃላችንን ልብ እንበለው። አንድ ሱቅ ላይ ልማድ ያደረገ ሰው ደንበኛ ነው፤ «ደንበኛ በርበሬ»፣ «ደንበኛ ጠጅ» ስንል ደግሞ ትክክለኛው፣ ያልተበረዘው ማለታችን ነው። ሥሩ ደንብ ነው። ገንዘብ የከፈለ ሁሉ ገዢ ይባላል፤ ደንበኛ የሚሆነው ደንቡን የያዘ፣ የሚመጣበት ሰዓት የሚታወቅ፣ ሲቀር «ምን ሆነ?» የሚባልለት ነው።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። የቡና በር ይህን ተረት ይገለብጠዋል። በመጀመሪያው ቀን ብረት ነህ፤ ዱካው እንኳ ይቀዘቅዝሃል። በሦስተኛው ስኳርህን ያውቁልሃል። በዓመቱ ወርቅ ነህ፦ ቀብር ሲኖርህ እትዬ በሯን ዘግታ ትመጣለች።

ክፉዎቹ ዓመታት

የትኛው ዓይነት ሰው ቤት እንደሚያቆም ላሊበላ በመከራ ተምራዋለች። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ወደ ሀገር ሲገባ ሹምሸሃ አውሮፕላን ማረፊያ ጸጥ አለ። ቱሪስቱ ሊመለስ ነው ሲባል የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተማዋ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ 2014 ከእጅ ወደ እጅ ተዛውራ ወደ መንግሥት ተመለሰች። መብራት ለረጅም ወራት ጠፋ። ባንክ ተዘጋ፣ የኤሌክትሪክ ወፍጮ ቆመ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ተፈርሞ ሰዉ እፎይ ከማለቱ በዚያው ዓመት በሐምሌ ማብቂያ የፋኖና የመከላከያ ውጊያ ወደ ከተማዋ ደረሰ፤ በረራ እንደገና ተቋረጠ።

በእነዚህ ዓመታት ሜኑ የትም አልደረሰም። ማቀዝቀዣው ቁም ሳጥን ሆነ። የማኪያቶ ማሽን የነበረው ቤት ማሽኑን በጨርቅ ሸፈነው። ፓስታ የሚያዝ ፈረንጅ የለ፣ ፓስታውም የለ። በር ላይ ያለው ከሰል ግን አልጠፋም። ቡና በተገኘ ቀን ቡና፣ በጠፋ ቀን የገብስ ቆሎና ሻይ። ሰዉ የሚመጣው ለመጠጣት ብቻም አልነበረም፤ ስልክ በተዘጋበት ከተማ ወሬ የሚገኘው እዚያ ነበር። መንገዱ ተከፍቷል? እንትና ከጋሸና ደርሷል? ማን አለ፣ ማን የለም? የለንደኑ ሎይድ ቤት ስለ መርከብ የሚወራበት ነበር፤ ይሄኛው ደግሞ ስለ አይሱዙ።

ብዙ ምግብ ቤት የተዘጋባቸው ዓመታት ነበሩ። የተረፉትን ስታይ ግን ብዙዎቹ ከፊት ለፊታቸው ጀበና አለ። ሲሰፉ ያልነቀሉት ጀበና። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ምሳ የሚያበላው መንገደኛው ነው፤ መንገደኛ ደግሞ ሲጨንቀው የማይመጣ ሰው ነው። ቡና የሚጠጣው ግን እዚያው የሚኖረው፣ ሲጨንቀው የበለጠ የሚመጣው ነው። ሳህኑ ቤቱን ያሰፋዋል፣ ሲኒው ያቆመዋል። ሜኑ ይሰቀል፤ ፕሬሸር ኩከርም ይገዛ፤ ልጅ የሚያስተምር ትርፍ ከሳህን እንጂ ከሲኒ አይገኝም። ግን በሩ ላይ ያሉትን ዱካዎች አንስቶ ጠረጴዛ ያደረገ ሰው ለደህና ቀን ብሎ ክፉ ቀኑን ሸጧል።

ደብተሩ

ከረከቦቱ ጀርባ፣ ከስኳሩ ጣሳ ሥር አንድ የተማሪ ደብተር አለ። የዱቤ ደብተር ነው። ምግብ ቤቱ ደረሰኝ አለው፤ ቡናው ደብተር። ሰዎቹ የተጻፉት በስማቸው ብቻ አይደለም፦ «የመምሬ ልጅ»፣ «ሰማያዊ ባጃጅ»፣ «የስምንተኛ ክፍሉ አስተማሪ»፣ «ረጅሙ አስጎብኚ»። ከጎናቸው አንድ አንድ ጭረት፤ አራት ጭረት ሲሞላ በአምስተኛው ይሰረዛል። በመካከሉ ያሉት ገጾች ጭረታቸው ብዙ ነው፣ የተከፈለ ምልክት ግን የላቸውም። የክፉው ዘመን ገጾች ናቸው። ባለቤቷ አልቀደደቻቸውም፤ ማንንም ግን አልጠየቀችም።

ረፋዱ ላይ አንድ ወጣት ከመንገዱ ይገባል። ከፍ ያለ ጃኬት፣ የአዲስ አበባ ጫማ። ሥራ ሲጠፋ ከተማውን ለቆ የሄደው አስጎብኚ ነው፤ ለገና ቤተሰብ ሊጠይቅ መጥቷል። ውስጥ ያለውን ሜኑ ቀና ብሎ ያያል፤ አስተናጋጇ ወደ ጠረጴዛ ትጋብዘዋለች። እሱ ግን በር ላይ ይቆማል። «እትዬ፣ ስንት አለብኝ?»

ደብተሩ ይወጣል። ገጹ ይገለጣል። ሁለቱም አጎንብሰው ጭረቱን ይቆጥራሉ፤ የዛሬ ዋጋ ይሁን የያኔ ብለው ይከራከራሉ። እሱ በዛሬው ልክፈል ይላል፣ እሷ በያኔው። ተከፍሎ አበቃ። ገጹ ከዳር እስከ ዳር ይሰረዛል። ልጁ ብሩን ከሰጠ በኋላ ሰዓቱን ያያል፤ መኪና ይጠብቀዋል፣ መሄድ አለበት።

ባለቤቷ ግን ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አላወረደችውም። ሲኒ ታነሳለች፣ ባዶ ዱካ በእግሯ ወደ እሱ ትገፋለች። የከፈለ ሰው ነው፤ ምንም የማይፈለግበት ሰው ነው። እሷ ግን ትላለች፦

«በሞቴ፣ በረካውን ሳትጠጣ!»